የህንድ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ህንድ ውስጥ ከ1,100 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችና ከ45,000 በላይ ኮሌጆች አሉ፤ ተማሪው ከ40 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «የህንድ ዲግሪ ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» ማለት አያስኬድም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአገሩን ስም ለዩኒቨርሲቲው፣ የዩኒቨርሲቲውን ለኮሌጁ፣ የኮሌጁን ደግሞ ለትምህርት ክፍሉ እየሰጠ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሁሉንም በአይ አይ ቲ መለካት

አይ አይ ቲ የሚባሉት የቴክኖሎጂ ተቋማት 23 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በ1951 ካራግፑር ላይ ተከፈተ። በፓርላማ ሕግ የተቋቋሙ፣ ሥርዓተ ትምህርታቸውን ራሳቸው የሚቀርጹ፣ ተማሪ የሚቀበሉትም እጅግ ከባድ በሆነ ፈተና ነው። የጉግሉ ሰንዳር ፒቻይ ካራግፑር ተምሯል፤ ይህ ግን ስለ ሌላ ግቢ ምንም አይነግርዎትም። የማይክሮሶፍቱ ሳትያ ናዴላ በበኩሉ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘው አይ አይ ቲ ሳይሆን ማኒፓል ነው። ጥሩ ትምህርት ከ23ቱ ውጭም አለ፤ ፈልጎ ማግኘት ግን ሥራ ይጠይቃል።

2. ተቋሙ ዲግሪ የመስጠት መብት እንዳለው አለማጣራት

ህንድ ውስጥ ማንም ተነስቶ ዲግሪ መስጠት አይችልም። በ1956ቱ የዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ኮሚሽን (ዩ ጂ ሲ) ሕግ አንቀጽ 22 መሠረት ይህ መብት ያለው በማዕከላዊ ወይም በክፍለ ግዛት ሕግ የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ፣ «እንደ ዩኒቨርሲቲ የሚቆጠር» የሚል ደረጃ የተሰጠው ተቋም፣ አለዚያም ፓርላማው ለይቶ የፈቀደለት ነው። «እንደ ዩኒቨርሲቲ የሚቆጠር» የሚለውን አይተው አይናቁት፤ በ1909 የተመሠረተው የባንጋሎሩ የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩትም በዚሁ መደብ ውስጥ ነው።

ሦስት ነገር ያጣሩ፦ ስሙ በኮሚሽኑ የዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ ኮሚሽኑ በየጊዜው በሚያወጣው የሐሰተኞች ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን፣ የተቋቋመበትን ሕግ ስምና ዓመት። ስሙን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ አታላዮቹ የታወቀ ስም አንድ ቃል ቀይረው ነው የሚጠቀሙት።

ሕግ መኖሩ ብቻውንም ዋስትና አይደለም። ቻቲስጋር የተባለችው ክፍለ ግዛት በ2002 ባወጣችው ሕግ ከ100 በላይ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተፈለፈሉ፤ ግቢም ሕንፃም የሌላቸው ነበሩበት። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው፤ ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩም ተቋማቱን በነባር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ማቀፍ እንደሚቻል ገለጸ። ግቢውን በአካል ያየ፣ ወይም እዚያ የሚማር ሰው ይጠይቁ።

3. የዩኒቨርሲቲውን ዝና ለኮሌጁ መስጠት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። አብዛኛው የህንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚማረው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ሥር በታቀፈ ኮሌጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሥርዓተ ትምህርት ያወጣል፣ ይፈትናል፣ ዲግሪውን ያትማል፤ መምህሩን የሚቀጥረውና ላቦራቶሪውን የሚያሟላው ግን ኮሌጁ ነው። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ሥር 90 ያህል ኮሌጆች አሉ፤ ሚራንዳ ሃውስንና ሂንዱ ኮሌጅን የመሰሉ በአገሪቱ የኮሌጆች ደረጃ ከላይ የሚሰለፉም፣ ስማቸው የማይነሳም። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲ ስም አንድ ሆኖ ያገኙት ትምህርት ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

ስለዚህ ደላላው «ኦስማኒያ ነው»፣ «ፑኔ ዩኒቨርሲቲ ነው» ሲልዎት፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የትኛው ኮሌጅ?» ይሁን። ቀጥሎ የኮሌጁን የቋሚ መምህራን ብዛት፣ ከእነርሱ ፒኤችዲ ያላቸውን፣ በጊዜያዊነት የሚያስተምሩትን ይጠይቁ። የመምህር እጥረት የህንድ ካምፓሶች የቆየ ሕመም ነው፤ በብሮሹር ላይ አይታይም።

4. «ኤ ፕላስ» የሚል ባነር አይቶ ማመን

የተቋማትን ጥራት የሚመዝነው በ1994 የተቋቋመው ናክ ነው። ነጥቡ ከ4 ይታሰባል፦ ከ3.51 ጀምሮ ኤ ፕላስ ፕላስ፣ ከ3.26 እስከ 3.50 ኤ ፕላስ፣ ከ3.01 እስከ 3.25 ኤ እያለ ይወርዳል፤ 1.50ና ከዚያ በታች ዕውቅና አያስገኝም። ውጤቱ እንደ ደንቡ ለ5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ጊዜው ያለፈበት ፊደል ግን በር ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። ሰርተፍኬቱን ያስልኩና ቀኑን ያንብቡ። በ2025 የናክ ገምጋሚ ቡድን አባላት በጉቦ ተጠርጥረው መያዛቸውም ፊደሉን ብቻውን እንዳናምን ያስገድዳል።

ናክ የሚመዝነው ተቋሙን እንጂ ትምህርት ክፍሉን አይደለም። ምህንድስና የሚማር ሰው ኤን ቢ ኤ የተባለውን የዕውቅና ቦርድ ዕውቅና ይይ፤ እሱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነው። ህንድ በ2014 አገሮች አንዱ የሌላውን የምህንድስና ዲግሪ የሚቀበሉበት የዋሽንግተን ስምምነት ሙሉ አባል ሆናለች፤ በአባል አገሮች ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው ግን ኤን ቢ ኤ በ«ቲር 1» ያጸደቀው ፕሮግራም ብቻ ነው። «ቲር 2» ከሆነ ያ ዕድል የለም።

5. የዓለም ደረጃን እንደ ፈተና ውጤት ማንበብ

የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ከሚያወጡት አንዱ በሆነው በኪው ኤስ የ2022 ደረጃ የባንጋሎሩ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ለእያንዳንዱ መምህር በሚደርስ የጥናት ጥቅስ (ጥናቶቹ በሌሎች ተመራማሪዎች በተጠቀሱበት ብዛት) 100 ከ100 አግኝቶ ከዓለም አንደኛ ነበር። ጠቅላላ ደረጃው ግን 186ኛ ሆነ። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ መለኪያው የስም ዝናን፣ የውጭ አገር መምህራንንና ተማሪዎችንም ይቆጥራል፤ የህንድ ተቋማት ደግሞ በውጭ ዜጎች ቁጥር ደካማ ናቸው። በርካታ ታላላቅ አይ አይ ቲዎች በ2020 ታይምስ ከሚባለው ሌላ የዓለም ደረጃ ራሳቸውን አግልለዋል፤ እዚያ ስማቸውን ቢያጡ የሉም ማለት አይደለም። በተቃራኒው ጥናት በገፍ በማሳተም ብቻ ወደ ላይ የሚወጡ አሉ፤ የአገሪቱ የራሷ ደረጃ አውጪ፣ ኤን አይ አር ኤፍ፣ በ2025 የተሰረዙ ጥናቶች ነጥብ እንዲያስቀንሱ ያደረገው ለዚህ ነው።

6. የርቀት ትምህርትን ከመደበኛው ጋር ማደባለቅ

በ1985 የተቋቋመውን የህንድ የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ፣ ኢግኑን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ያውቁታል። ርቀት ራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው መታወቁ አይበቃም። ምህንድስና፣ ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲና ሕግ በርቀት እንዲሰጡ አይፈቀድም፤ «በርቀት ኢንጂነሪንግ» የሚል ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ።

7. ማርኩን በእኛ ሚዛን ማየት፣ ወረቀቱን ሳይጨርሱ መመለስ

በብዙ የህንድ ዩኒቨርሲቲዎች 60 በመቶ «አንደኛ ማዕረግ» ነው፤ 70 ወይም 75 ካለፈ ልዩ ማዕረግ ይሆናል። 64 ያመጣን ልጅ ሰነፍ አይበሉት። ዲግሪው የሚሰጠው ከምርቃት በኋላ በመሆኑ መጀመሪያ የሚደርስዎት እኛ ቴምፖ የምንለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ከእሱ ጋር የየሴሚስተሩን ማርክ ሺት፣ ትራንስክሪፕትና ማይግሬሽን ሰርተፍኬት የሚባለውን መልቀቂያ በእጅዎ ያስገቡ፤ በህንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኒው ዴልሂ ባለው ኤምባሲያችን ያረጋግጡ። ለአቻ ግምት ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሄዱ በአንዱ ወረቀት ላይ ያለው ስም ከፓስፖርትዎ በአንድ ፊደል ቢለይ እንኳ ማረሚያው ያለው ህንድ ነው።