ከቤት ሳይወጡ በቪዲዮ ሐኪም ለማማከር እንዴት ይዘጋጃሉ?

በቪዲዮ የሚያልቅ ሕመም አለ፤ የማያልቅም አለ። የግፊትና የስኳር ክትትል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ማስነበብ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የመድኃኒት መጠን ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ይሆናል። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ድንገት አልታዘዝ ያለ እጅና እግር፣ የአፍ መጣመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መጥባት ያቃተው ሕፃን ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ካልሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ።

ቀጠሮ ሲይዙ ሰዓቱን አጥርተው ይጠይቁ። በመተግበሪያ የተያዘ «9 ሰዓት» በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ብቻ ቀጠሮ ያልፋል። የመድኃኒት ማዘዣው በምን መንገድ እንደሚደርስዎትም በዚያው ይጠይቁ፤ በስልክ የተነሳ የማዘዣ ፎቶ የማይቀበል ፋርማሲ አለ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ቀድማችሁ አስመዝግቡ። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ ወላጅ በልጁ ፊት የሚደብቀው ሕመም አለ።

ስልኩ ቻርጅ ይኑረው፤ ዳታም ቢያንስ 1 ጊጋ ይያዙ። በእጅ ከመያዝ በስኳር ጣሳ ማስደገፍ ይሻላል። ምስሉ እየቆመ ካስቸገረ ካሜራውን አጥፍተው በድምፅ ይቀጥሉ፤ ፎቶ በኋላ መላክ ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሳየቱ ላይ ነው። መስኮቱን ከጀርባዎ ካደረጉ ፊትዎ ይጠቁራል፤ ወደ መስኮቱ ዞረው ይቀመጡ። ፊትን የሚያሳምረውን የካሜራ ማጣሪያ ያጥፉ፤ ሽፍታውንም ያጠፋዋል። ዓይን ቢጫ መሆኑን ለማየት የቀን ብርሃን ያስፈልጋል፤ ቢጫ አምፖል ስር ጤነኛውም ቢጫ ይመስላል። ሽፍታ ወይም ቁስል ከሆነ ከጥሪው በፊት በስልኩ የጀርባ ካሜራ፣ ያለ ፍላሽ ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ ከራቅ ብሎ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ፣ ሌላው ቀረብ ብሎ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ተደርጎ። በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» አድርገው ይላኩት፤ በተራ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት በካሜራ ጎልቶ አይታይም፤ ስለዚህ እጅዎ የነካውን ይናገሩ፦ ይሞቃል? ያበጠ ነው? ሻካራ ነው? እግርዎ ካበጠ የቅልጥምዎን አጥንት ፊት ለፊት በአውራ ጣት 5 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይልቀቁና የቀረውን ጉድጓድ ለሐኪሙ ያሳዩ። ሐኪሙ በእጁ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የግፊት ታማሚ ከሆኑ ከቀጠሮው በፊት ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ይለኩ። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ ሽንትዎን ይጨርሱ፤ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ፣ ሳያወሩ 5 ደቂቃ ይቀመጡ። የመለኪያውን ጨርቅ በባዶ ክንድ ላይ ይጠቅልሉ፤ ከሹራብ በላይ የተለካ ቁጥር አይታመንም። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክተው ሁለቱንም ከነሰዓቱ ይጻፉ። የክንድ መለኪያ ከእጅ አንጓው ይሻላል፤ ጣት ካሜራ ላይ አስነክቶ ግፊት እለካለሁ የሚለውን መተግበሪያ ግን አይመኑት።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ አጠገብዎ ያድርጉ፤ ስሙና ሚሊግራሙ ይነበብ። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ወስደው ከሆነ አይደብቁ።

ጥሪው ሲጀመር ዋናውን ያስቀድሙ፦ ምን እንዳመመዎት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንደሚያባብሰው። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ስም፣ በቀን ስንቴና ለስንት ቀን እንደሆነ ጽፈው ለሐኪሙ መልሰው ያንብቡለት። ከመዝጋትዎ በፊት «በስንት ቀን ካልተሻለኝ በአካል ልምጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀኑንም ካርቶኑ ላይ ይጻፉት።