የአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ቁጥር እንዴት ይገኛል? ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚሠራ ሥራ

አሮጌ ቮልስ ገዝቶ እንደ አዲስ ለማሠራት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ቀለም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቁጥሩን ፈልጉ እላለሁ። ላሜራ ሠሪው መዶሻ ሳያነሳ፣ ስቱኮ ሳይለጠፍ፣ የሻንሲውን ቁጥር በዓይናችሁ እዩት፤ ከሊብሬው ጋርም አስተያዩት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድሬዳዋና ሐረር ያሉት አሮጌ መኪኖች ብዙ እጅ አልፈዋል። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ካንዱ ተነቅሎ ለሌላው ተገጥሟል። ቮልስ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ቦዲው ሻንሲው ላይ በብሎን ነው የታሰረው። ብሎኖቹ ከተፈቱ ቦዲው ይነሳና ሌላ ሻንሲ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ያማረ ቦዲ ዓይታችሁ የገዛችሁት መኪና በወረቀት ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። የቮልስ ማንነት ያለው ሻንሲው ላይ ነው።

እዚሁ ድሬ የማውቀው አንድ ሰው መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ፣ «ወለሉን አጽዱልኝ» ብሎ ሄደ። ልጆቹ ወለሉን ከነቁጥሩ በግራይንደር አንጸባረቁት፤ በላዩም ጥቁር ቀለም ደረቡበት። መኪናው አምሮ ወጣ። ለምርመራ ሲቀርብ ግን የሚነበብ ቁጥር የለም። ያንን ጣጣ ለማስተካከል ከቀለሙ ዋጋ በላይ ገንዘብም ጊዜም ወጣበት። ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የእጅ ባትሪ፣ ያረጀ የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ላምባ፣ ጨርቅ፣ ነጭ ጠመኔ፣ ስስ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስና ስልካችሁ። ድሬ ላይ ከሆናችሁ በላስቲክ የተቋጠረ በረዶም ጨምሩ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ግራይንደር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሸካራ የብርጭቆ ወረቀትና የዝገት አሲድ ከዚህ ሥራ ይራቁ። «በሁለት ደቂቃ እናጸዳዋለን» የሚል ባለሙያ ቢኖርም እሺ አትበሉ። ቁጥሩ ብረቱ ላይ በምት የወጣ ጥልቀት የሌለው ምልክት ነው። ሁለት ደቂቃ ለማጥፋትም ይበቃል።

መጀመሪያ ሊብሬው

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር በትልቁ ወረቀት ላይ ገልብጡና ኪሳችሁ ክተቱት። መኪናው ላይ ያለውን ቁጥር የሚያነበው ሰው ወረቀቱን ሳያይ ቢያነብ ይመረጣል። ዓይን የሚጠብቀውን ነገር ማየት ይወዳል። ሊብሬው 8 የሚል ከሆነ፣ የተበላች 3 ራሷ 8 መስላ ትታያለች።

ባትሪው

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩን መቀመጫ ቀስ ብላችሁ አንሱ። የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ከነካ እሳት ይነሳል። በተለይ ከመጀመሪያው የረዘመ ባትሪ ከተገጠመበት አደጋው ቅርብ ነው። መቀመጫው እንደወጣ የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ። ባትሪው የተቀመጠበትን ወለልም በዚያው እዩት። የፈሰሰ አሲድ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ብረቱን በልቶታል።

ዋናው ሥራ፦ ቁጥሩን ማውጣት

በመኪናው ወለል መሃል ለመሃል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ከፍ ያለ ጉብታ አለ። የማርሽ ዘንጉና የእጅ ፍሬኑ የቆሙት እሱ ላይ ነው። ይሄ ጉብታ ወደ ኋላ ሄዶ ከኋላ ወንበር ሥር ይገባል። እዚያ ጋ በብሎን የተያዘች ትንሽ ክዳን ታገኛላችሁ፤ የማርሹ ማገናኛ የሚታይባት ናት። የሻንሲው ቁጥር በዚያ አካባቢ፣ በጉብታው አናት ላይ ተመትቷል።

በብዙ መኪኖች ላይ ግን ወዲያው አይታይም። መጀመሪያ ከፋብሪካው ድምፅ እንዲያፍን የተለጠፈ ካትራሜ ነክ ንጣፍ አለ። ከዚያ በላይ የምንጣፍ ማስቲሽ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዱ ባለቤት ውሃ እንዳይገባ ብሎ ያፈሰሰው ካትራሜ፣ ሌላው የረጨው ቀለም። ይሄን ሁሉ ቁጥሩን ሳይነኩ ማንሳት ነው ጥበቡ።

ብዙ ሰው ካትራሜ ሲያይ በእሳት ለማለስለስ ያስባል። ይሄን በፍጹም አታድርጉ። የቤንዚን ቧንቧው የሚያልፈው በዚሁ ጉብታ ውስጥ ነው። ታንከሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ በመኪናው ሆድ መሄድ አለበት። ቧንቧው አርጅቶ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ከላይ እሳት መለኮስ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም። ብየዳም ያው ነው፤ ታንከሩና ቧንቧው ባዶ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ ጉብታው አጠገብ አይበየድ።

ደግሞም ሙቀት ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ሞቅ ያለ ካትራሜ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ ቁጥሮቹ ውስጥ ገብቶ ይሞላቸዋል። ድሬ ከሰዓት በኋላ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይለሰልሳል። የሚያዋጣው ብርድ ነው። ካትራሜ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ይሄን ሥራ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጀምሩት። ሐረር ከፍታው ላይ ስለሆነ የጠዋቱ ብርድ ብቻውን ሊበቃችሁ ይችላል። ድሬ ላይ ግን የተሰባበረውን በረዶ በላስቲክ ቋጥራችሁ ካትራሜው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ከዚያ በማስመሪያው ጠርዝ ከዳር ጀምራችሁ ፈልፍሉ። ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይነሳል። መለስለስ ሲጀምር በረዶውን መልሱበት። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በካቻቢቴ ላፋጥነው ብትሉ ግን ጭረቱ ቁጥሩ ላይ ያርፋል።

ቅርፊቱ ከተነሳ በኋላ የሚቀረውን ስስ ጥቁር ነገር በጥርስ ብሩሽና በትንሽ ላምባ እሹት። በሮቹን ክፈቱ። ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ። ላምባውን በጨርቅ አድርቁት፤ ከበረዶው የቀረ ውሃ ካለም አብራችሁ ጥረጉት፤ ቀለሙ የተነሳ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ከሥር ቀለም ከተገኘ ቲነር በጥጥ ነክራችሁ ጫን እያደረጋችሁ አንሱት።

አሁን ጠመኔውን በጎኑ ቦታው ላይ አሹ፤ ከዚያ ገጹን ብቻ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ነጩ ዱቄት የተመቱት ቁጥሮች ውስጥ ይቀርና ጎልተው ይወጣሉ። የእጅ ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፤ ጥላው ቁጥሩን ያሳያችኋል። ፎቶ አንሱ። ጠመኔውን ከጠረጋችሁ በኋላ ስስ ወረቀቱን ዘርግታችሁ በእርሳሱ ጎን አሹበት፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይነሳል። እኔ ከፎቶው ይልቅ ይሄን ወረቀት አምናለሁ። ፎቶ በብርሃን ይታለላል፤ ወረቀቱ ግን ጉድጓዱን ብቻ ነው የሚያነሳው።

በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ መስመር ካያችሁ፣ ወይም ቁጥሮቹ አንዱ ጠልቆ አንዱ ጎብጦ ከተመቱ፣ መኪናውን ገና ካልገዛችሁት ገንዘባችሁን አትልቀቁ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ከነሐሴ 1964 (በፈረንጅ) በፊት የተሠሩት ቮልሶች ቁጥር ተራ ብቻ ነው፤ ዓመት የሚናገር አሃዝ የለውም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ አሃዝ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመኪናውን ዓይነት ይነግሯችኋል፤ ለተራው ቮልስ 11 ነው። ሦስተኛው ዓመቱ ነው። 115 ብሎ ከጀመረ የ1965 ሞዴል፣ 118 ካለ የ1968 ሞዴል ነው። ከነሐሴ 1969 ጀምሮ አሥር አሃዝ ሆነና አራተኛው ላይ 2 ገባ፤ 110 2 ብሎ የሚጀምር የ1970፣ 111 2 የሚል የ1971 ሞዴል ነው።

እኛ ጋ ግራ የሚያጋባው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አንዱ ሊብሬ የሥሪት ዘመኑን በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ ይጽፈዋል። ደስ የሚለው ነገር ግን የቮልስ ፋብሪካ የሞዴል ዓመቱን የሚለውጠው በነሐሴ መሆኑ ነው። የእኛ ዓመት ደግሞ በመስከረም ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ ሊገጥሙ ጥቂት ሳምንት ነው የሚቀራቸው። ከሞዴሉ ዓመት ላይ 8 ቀንሱ፤ የእኛን ዓመት ታገኛላችሁ። በ118 የሚጀምር መኪና 1960 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። ሊብሬው 1960 ቢል እንግዲህ «የ1960ዎቹ መጀመሪያ የፈረንጅ መኪና ነው» ብላችሁ አትከራከሩ። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል የጠፋ መኪና ብዙ ክርክር አስነስቷል።

የዚያ ዘመን ቮልስ የሻንሲ ቁጥር አሃዝ ብቻ ነው። ሊብሬው ላይ በዜሮ ፈንታ የላቲን ኦ፣ በአንድ ፈንታ ሌላ ፊደል ካለ የገልባጩ ስህተት ነው።

የሞተሩ ቁጥር

ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። የኋላውን ክዳን ክፈቱና ዲናሞውን እዩ። የቆመበት እግር ከሞኖብሎኩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከዲናሞው ፑሌጃ ሥር ቁጥሩ ተመትቷል። ዘይትና አቧራ ጋግሮበት ይሆናል፤ ላምባና የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። ሞኖብሎኩ የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ በሽቦ ብሩሽ ይላጣል። የማግኒዚየም ብናኝ ደግሞ እሳት ይይዛልና ግራይንደር እዚህም ክልክል ነው።

ከ1965 (በፈረንጅ) አጋማሽ በፊት ከተሠሩት በቀር፣ ቁጥሩ በፊደል ይጀምራል። D ማለት 1200፣ F ማለት 1300፣ H ማለት 1500 ሞተር ነው። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ባይገጥም ብዙ አልደነግጥም፤ ሞተር በሥራ ብዛት ይለወጣል። ሊብሬው ላይ እንዲስተካከል ግን ለትራንስፖርት ቢሮ ማመልከት ያስፈልጋል። የግዢውን ወረቀት አትጣሉ።

ከፊት ኮፈን ሥር ደግሞ በሪቬት የተያዘች ትንሽ ሳህን አለች፤ በብዙዎቹ ላይ ከስኮርታ ጎማው ጀርባ ናት። ሳህን ተነቅሎ ሌላ መኪና ላይ ሊመታ ስለሚችል እሷን ብቻ አትመኑ። ሪቬቷን ሳትነኩ ቀለም ሲቀባ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኗት።

የሻንሲው ቁጥር ካልገጠመ

መጀመሪያ እንደገና አንብቡ። 3 እና 8፣ 1 እና 7፣ 5 እና 6 ናቸው የሚያሳስቱት። ልዩነቱ አንድ አሃዝ ብቻ ከሆነ የጽሑፍ ስህተት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በእርሳስ ያነሳችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ቢሮው ጋ ቅረቡ። ጭራሽ የማይገናኝ ቁጥር ከሆነ ሥራውን አቁሙና ሻጩን ጠይቁ። «ትክክለኛውን ቁጥር እኔ እመታላችኋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥር መምታት ወንጀል ነው፤ መኪናችሁንም ለዘላለም ተጠርጣሪ ያደርገዋል።

የተበላ ወለል ሲቀየር የግራና የቀኙ ላሜራ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል። ጉብታው ባለበት ይቆያል። ይሄን ለላሜራ ሠሪው አፍ ለአፍ ንገሩት፣ በቴፕም ሸፍኑትና ላዩ ላይ «አትንኩ» ብላችሁ ጻፉበት። ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩ ላይ ስስ ቀለም ብቻ ይደረግ፤ ስቱኮና ካትራሜ አይጠጋው።

ሐረር በታክሲነት የምናውቃት ፔጆ 404 ከሆነች የያዛችሁት፣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እሷ ቦዲና ሻንሲ ብሎ ነገር የላትም፤ አንድ ወጥ ናት። ቁጥሩን የምትፈልጉት ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንደኛው ሳህኗ ላይ፣ ሌላው ላሜራው ላይ ተመትቶ። ስለዚህ እሷ ላይ የፊቱ ላሜራ ተቆርጦ ከመቀየሩ በፊት ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ አንድ ተጨማሪ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ጀርመን ቮልፍስቡርግ ከተማ ያለው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም በክፍያ ለአሮጌ ቮልሶች የልደት የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለምና የተላከበትን አገር ይጽፉላችኋል። ለፔጆም አቫንቲዩር ፔጆ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ተመሳሳይ ወረቀት አለው። ቀለም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቋቸው፤ የመጀመሪያውን ቀለም ያወቃችሁት ከቀባችሁ በኋላ ከሆነ ሁለተኛ ወጪ ነው። ስትጠይቋቸው የሻንሲውን ቁጥር ሙሉውን ላኩ፣ በእርሳስ ያነሳችሁትን ወረቀት ፎቶም አያይዙ።