በከሰል ግድግዳ ላይ መሣል፣ ኋላም ማጥፋት

በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙው የግድግዳ ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። በቀጥታ ጋለሪ ግድግዳ ላይ የተሣለ ከሰል ግን ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ቀለም ይቀባበታል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚወሰነው አጠፋፉ ነው፤ ማን እንደሚያጠፋና ቀለሙን ማን እንደሚገዛ ከቤቱ ባለቤት ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። የፋሲል ግቢና የሌሎች ቅርሶች ግድግዳ በጠመኔም ቢሆን አይነካም።

ግድግዳውን ጠዋትም ከሰዓትም እዩት፤ በጎን የሚገባ የመስኮት ብርሃን እብጠቱንና ስንጥቁን ያወጣዋል። ሶኬቱንና የበሩን ጥግ ንድፉ ውስጥ አስገቡ። ለመደበቅ ከመታገል መስመሩ ከሶኬቱ ቢነሣ ይሻላል።

ክረምት ላይ፣ በተለይ በጎንደር ፒያሳ ባሉት የጣሊያን ዘመን ቤቶች፣ እርጥበቱን ሳትፈትሹ አትጀምሩ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ በግድግዳው በኩል ጠብታ ከታየ ቀለሙ ይላጣል፤ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑ፤ ሲደርቅ በ120፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሹት። የማያብረቀርቅ ነጭ የውሃ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ዘይት ቀለም ላይ ከሰል ይንሸራተታል፤ ኖራ ላይ ደግሞ ዱቄቱ ከከሰሉ ጋር ይረግፋል። የተረፈውን ቀለም አትጣሉ፤ ለማጥፊያ ያስፈልጋል።

ለ4 በ2.5 ሜትር ግድግዳ ንድፉ 40 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ወረቀቱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ካሬ ግድግዳው ላይ 50 ይሆናል፤ በጠቅላላው 40 ካሬ። ወለሉን አትመኑት፤ ቁሙን በቱንቢ፣ አግድሙን በውሃ ልክ አውጡ። ከጥጉ 60 እና 80 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ሰያፉ ልክ 100 ካልመጣ ማዕዘኑ ጠሟል። ሲባጎ የከሰል ዱቄት አስነክታችሁ ወጥሩና መሐሉን ስባችሁ ልቀቁት፤ ቀጭን መስመር ያትማል። ትርፉን የዳቦ ልብ ያነሣዋል።

የማድቤት ከሰል ይቧጭራል። የወይን ሐረግ ቅርንጫፍ እርሳስ ያህል ቆርጣችሁ ልጣጩን አንሡ፣ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቁት፣ ክዳኑን በምስማር አንድ ጊዜ ብሱና እሳት ላይ ጣዱት። ጭሱ ሲቆም አውርዱ፤ ሳይቀዘቅዝ ግን አትክፈቱት፤ ትኩሱን አየር ካገኘው አመድ ይሆናል።

ብናኙ ወደታች ስለሚረግፍ ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ፤ ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከግራ ተነሡ። የወረቀት ፕላስተር ከአንድ ቀን በላይ አይቆይ፤ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ማርከር ፈጽሞ አትንኩ፤ ሦስት ጊዜ የተቀባውን ነጭ ሰንጥቆ ይወጣል።

ለማጥፋት በቅድሚያ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ከዚያ ውሃው በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ ቶሎ ቶሎ እያጠባችሁ፣ ጥረጉት። ይህን ዘልሎ ሩሎ የሚያነሣ ሰው ባልዲውን ሙሉ ግራጫ ያደርገዋል። ሲደርቅ አንድ ጊዜ ቀቡ፣ 4 ሰዓት አቆይታችሁ ድገሙት። መብራት በጎን አብርታችሁ ጥላ የሚመስል ቅሪት ከታያችሁ ሦስተኛውን ቀቡ።