በሰሐራ ዳር ወፍ ለማየት፦ አሸዋውን ተዉት፣ ግመሉ ጋ ሂዱ

መርዙጋ የደረስኩ ቀን ሁሉም ቱሪስት የሚያደርገውን አደረግሁ። ትልቁ የአሸዋ ክምር ላይ ወጣሁ። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ። ከላይ ሆኜ ባይኖኩላሬን (የሩቅ ማያ መነጽሬን) አወጣሁ። አንድ ቁራ አየሁ። በቃ። ወርጄ ግመሎቹ አጠገብ ጫማዬን ሳራግፍ ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁለት ወፍ፣ የበረሃ ድንቢጥ፣ ሁለት ሜትር ላይ ከፋንድያ ውስጥ ጥሬ ይለቅማል።

በበረሃ ወፍ አይፈለግም። ወፉ የሚፈልገው ነገር ነው የሚፈለገው፦ ውሃ፣ ጥላ፣ ጥሬ። የቀረው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

መርዙጋ በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ፣ ከአልጄሪያ ድንበር ብዙም ያልራቀች መንደር ናት። አጠገቧ ኤርግ ሼቢ የሚባለው የአሸዋ ክምር አለ፤ ከፍታው አንዳንድ ቦታ 150 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከማራኬሽ በመኪና ሙሉ ቀን ይፈጃል። ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ ኤራሺዲያ ነው።

በፈረንጆቹ ማርች እና ኤፕሪል ሂዱ። የበረሃው ወፎች የሚዘፍኑት ያኔ ነው። ሰሐራን አቋርጠው ወደ አውሮፓ የሚመለሱትም በዚያው ሰሞን ያልፋሉ። ጁላይ ላይ እንኳን ለሰው ለግመልም አልመክርም።

ዕቃ አታብዙ። 8 በ42 ባይኖኩላር (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነ)፣ ራስና አፍ የሚሸፍን ሻሽ፣ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ። ባይኖኩላሩን በዚፕ ፌስታል ውስጥ ያዙት። ሌንሱ ላይ አሸዋ ካረፈ በሸሚዝ ጫፍ እንዳትጠርጉት፤ ይጫጫራል። መጀመሪያ በትንሽ የጎማ መንፊያ አራግፉት፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሌንስ ከፍዬ ነው።

ፀሐይ ሳትወጣ ድንጋያማው ሜዳ ላይ ተገኙ፤ እዚያ አገር ሐማዳ ይሉታል። መጀመሪያ መሬቱን እዩ። የሌሊቱ ዱካ ገና አልጠፋም። ከዚያ ጆሮ ስጡ። ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ሐዘን ያለበት ፉጨት ከሰማችሁ ሁፑ ላርክ የሚባለው የበረሃ ወፍ ነው። ረጅም እግር፣ ወደታች የጎበጠ ምንቃር፣ መልኩ አሸዋ። መሬት ላይ ሲሮጥ ልብ አትሉትም። ወንዱ ግን እያፏጨ ቀጥ ብሎ ወደላይ ይነሳና ተገልብጦ ሲወርድ ጥቁርና ነጭ ክንፉ ቦግ ይላል።

ቀጥሎ ውሃ። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ሳንድግራውዝ የሚባለው ወፍ ለመጠጣት ይመጣል። ርግብና ቆቅ ተዋልደው የወለዱት ይመስላል። ምግቡ ደረቅ ዘር ስለሆነ ውሃ ግድ ነው። ራቅ ብላችሁ መኪና ውስጥ ተቀመጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፤ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። አርፎ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ጫጩት ያለው ወንድ ካጋጠማችሁ ሆዱን ውሃ ውስጥ ሲነክር ታያላችሁ። የሆዱ ላባ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ ጫጩቶቹ ከላባው ይጠጣሉ። ታዲያ እናንተ ውሃው አፍ ላይ ከቆማችሁ እሱ አያርፍም፣ እነሱም አይጠጡም።

ከረፋዱ በኋላ ግመሎች የሚታሰሩበት ጋ ሂዱ። የበረሃ ድንቢጥ እዚያ ናት። ወንዱ ፈዛዛ ግራጫ፣ ጉሮሮው ጥቁር፤ ሴቷ የአሸዋ ቀለም። ደህና ሻይ ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ መጠበቁ አይከብድም።

ናይትጃር የሚባለውን ሌሊት የሚበር ወፍ ግን ብቻችሁን አታገኙትም። (የሌሊት ወፍ ብዬ እንዳልተረጉመው ያ ሌላ እንስሳ ነው።) ቀን ላይ ቁጥቋጦ ሥር መሬት ላይ ተኝቶ ይውላል። ቦታውን የሚያውቁት ከብት ጠባቂዎችና የአካባቢው አስጎብኚዎች ናቸው። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የኔው አስጎብኚ ዝም ብሎ በጣቱ ጠቆመኝ። እኔ ድንጋይ ነው የማየው። ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ድንጋዩ ዓይኑን በስንጥቅ ገለጥ አደረገ። ለፎቶ ብላችሁ አትጠጉት፣ በስልክም ድምፅ አታጫውቱ። በዚያ ሙቀት ከጥላው ማስነሳት ግፍ ነው። ሪሳኒ ከተማ አጠገብ ባሉት ገደሎች ለሚውለው ትልቁ ጉጉትም ይኸው ነው።

መርዙጋ አጠገብ ዳየት ስርጂ ወደተባለው ሐይቅ ከመሄዳችሁ በፊት «ውሃ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝናብ በሌለበት ዓመት ደረቅ ጭቃ ነው። ከሞላ ፍላሚንጎ ይኖራል፤ ባሌ ተራራ ላይ ያለው ብርቱካናማ ዳክዬም አይጠፋም።

ቀትር ላይ ወደ ማረፊያችሁ ግቡ፣ ግን ባይኖኩላሩን አታርቁ። ከመንገድ የደከሙ ትንንሽ ወፎች የሆቴል አትክልት ውስጥ ይወድቃሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥቁር ሆኖ አናቱና ጭራው ነጭ የሆነ ወፍ ይመጣል። ሰው አይፈራም። የሰሐራ ዘላኖች የሆኑት ቱዋሬጎች ሙላ ሙላ ይሉታል፤ ቤት ድረስ ከመጣ የምሥራች ይዞ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን አስጎብኚዬ «ሙላ ሙላ» ሲል መጀመሪያ የመሰለኝ ውሃ ቅዳ ያለኝ ነበር፤ ጠርሙሴን ይዤ ተነሳሁ።