የቤዝ አምፕሊፋየሬ ጉርምርምታ እንዴት እንደጠፋ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በተከራየሁት ክፍል የምለማመድበት አነስተኛ የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ባዞርሁ ቁጥር ይንኮሻኮሽ፣ ሳልነካውም ያለማቋረጥ ያጉረመርም ነበር። መጀመሪያ ጥፋቱን ያለ ማስረጃ ስፒከሩ ላይ ጥዬው ነበር። መንኮሻኮሹ የመጣው መቆጣጠሪያው ውስጥ ከገባ አቧራ ስለነበር፣ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ እነርሱን ሳልነካ፣ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ረጭቼ ደጋግሜ በማዞርና እስኪደርቅ በመጠበቅ አስወገድሁት። ጉርምርምታው ግን ቀጠለ። የጉርምርምታው ምንጭ የሆነው የመብራት ኃይል ድግግሞሽ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት)፣ የቤዙ ወፍራም ክር ደግሞ ወደ 41 ኸርዝ ስለሆነ፣ የወፍራም ድምፅ መቆጣጠሪያውን ዝቅ ማድረግ ሙዚቃውንም አብሮ ይገድላል። በመጨረሻ የማከፋፈያ ገመዱ የመሬት መስመር (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሦስተኛ ሽቦ) እንደሌለው አየሁ፤ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ገዝቼ የመሬት መስመር ባለው ሶኬት ላይ ስሰካው ጸጥ አለ።