የተጣበቁት ስንኞች

በማርክዳውን (ርዕስ፣ ደማቅ ፊደልና የመሳሰሉትን በቀላል ምልክቶች በሚያሳዩበት አጻጻፍ) ስጽፍ ውጤቱን ለማየት ሁሌ ወደ ብሮውዘር እመላለስ ነበር። ሲታክተኝ ፕሪቪው፣ ማለትም የጽሑፉን የመጨረሻ መልክ፣ ጎን ለጎን የሚያሳይ ኤዲተር (የመጻፊያ ፕሮግራም) ያዝኩና ተገላገልኩ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ግጥም ስጽፍበት ስንኞቹ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ተጣበቁ።

ለካ ማርክዳውን አዲስ መስመር የሚጀምረው የፊተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ቢያንስ 2 ባዶ ቦታ ሲተውለት ነው። እኔማ ትቼ ነበር! ኤዲተሩ ነው ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ትርፍ መስሎት የሚጠርገው።

ቪኤስ ኮድ ወደሚባለው ሌላ ኤዲተር ዞርኩ። ኮንትሮልና ኬን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ቪን ስጫን ፕሪቪው በጎን ይከፈታል፤ እየጻፍኩ አብሮ ይቀየራል። ባዶ ቦታ የሚጠርግ ሴቲንግ እዚህም አለ፤ ግን ካላበሩት አይሠራም። ለማንኛውም አሁን በባዶ ቦታው ፈንታ መስመሩ ጫፍ ላይ ይህችን ጭረት \ አደርጋለሁ። ቢያንስ በዓይን ትታያለች።