ከጎንደር በአውሮፕላን፦ ርቀቱና ሰዓቱ አልገጥም ሲል

አዘዞ ካለው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ የአየር ርቀቱ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ የበረራውን ርቀትና ሰዓት ራስዎ ሲያሰሉ ውጤቱ ከተዛባ መመዘኛ ይሆንዎታል።

ችግር፦ ርቀቱ ከመንገዱ በጣም አነሰ።
በመኪና የሄደ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተጓዘ ስለሚያውቅ 420 ሲባል አያምንም። ሁለቱም ልክ ናቸው። መኪናው ጣናን ዞሮ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ነው የሚደርሰው፤ የአየሩ ግን በምድር ክብ ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መስመር ነው። 227 ካዩ የባሕር ማይል ነውና በ1.852 ያባዙት። 261 ከሆነ ተራ ማይል ነው፤ በ1.609 ያባዙ።

ችግር፦ ርቀቱ በሺህ የሚቆጠር ሆነ።
ርቀቱን ያሰሉበት ኬክሮስና ኬንትሮስ (ቦታውን በሰሜን–ደቡብና በምሥራቅ–ምዕራብ የሚያመለክቱት ዲግሪዎች) ተቀያይረዋል። የጎንደር ማረፊያ 12.52 ሰሜን፣ 37.43 ምሥራቅ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹን ቢያለዋውጧቸው ሲሲሊ ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለው ስህተት ራሱን ያጋልጣል። የሚያሳስበኝ ስውሩ ነው፦ 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃን 12.31 ብሎ መጻፍ። ደቂቃው ለ60 መካፈል አለበት፤ አለዚያ ከቦሌ ያለው ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይጎድላል፣ ማንም ልብ አይለውም።

ችግር፦ በረራው 28 ደቂቃ ብቻ ወጣ።
420ን ለ900 አካፍለዋል። 900 የትልቅ ጄት ፍጥነት ነው፤ በአገር ውስጥ መስመር የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ግን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚጓዙት። ለ600 ያካፍሉና 42 ደቂቃ ያገኛሉ። በዚያ ላይ ለመንደርደር፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ትኬት ላይ ከሚታየው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ጋር ይቀራረባል።

ችግር፦ ሰዓቱ ተምታታ።
ሰውን በእውነት የሚያንገላታው ይህ ነው። አክስቴ ትኬቷ ላይ ያለውን 07:30 ሰባት ሰዓት ተኩል ብላ አንብባ፣ ምሳዋን በልታ አዘዞ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቶ ነበር። 07:30 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስድስት ይቀንሱ፤ የቀረው 13 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ይቀንሱ፤ ዜሮ ሰዓት ከቀረ አሥራ ሁለት ይበሉት። ከ06:00 በታች ከሆነ ስድስት ይደምሩ። ቀኑንም ያስተውሉ፦ በትኬት ማክሰኞ 00:30 የሚለው ለእኛ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ሻንጣ ይዘው የሚወጡት ሰኞ ማታ ነው ማለት ነው።

ወደ ውጭ አገር ሲሆን መነሻውም መድረሻውም በየአገሩ ሰዓት ይጻፋል። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከአዲስ አበባ 10:00 ተነሥቶ ዱባይ 15:00 የሚገባ በረራ አምስት ሰዓት ይመስላል፤ 15:00ን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ሲመልሱት 14:00 ይሆናል፣ በረራውም አራት ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት የተነሡት ልጅዎ ዱባይ ሲያርፉ እዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ስልክ የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው።